የማይጠፋው ዋና ንድፍ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው መንገድ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እንደሚያገናኝ፣ ቡሬ ላይም ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ እንደሚገነጠል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት መካከል ከቡሬ ገጠር የተነሣ አንድ ገበሬ አለ እንበል። የወንድሙ ሚስት በወሊድ ደም ስለፈሰሳት ደም ሊለግስላት ወደ ፍኖተ ሰላም መጥቷል። የለገሰው ደም ሲመረመር ግን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተገኘበት። ሰውየው ትናንት ሲያርስ የዋለ ጤነኛ ነው፤ ዓይኑም ቢጫ አልሆነም። «የወፍ በሽታ ይዞኝ አያውቅም፤ ታዲያ ይህ ከየት መጣብኝ?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ከጉበቱ ሕዋስ ውስጥ ነው።

እንደሚታወቀው «የወፍ በሽታ» የሚባለው የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ነው። ይህ ግን የጉበት መጎዳት ምልክት እንጂ ራሱ ሕመሙ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ በሰውነታቸው የሰነበተባቸው ብዙ ሰዎች ለዓመታት ምንም ምልክት ሳይታይባቸው ይኖራሉ። ወደዚህ ቫይረስ ያደረሰውን የመጀመሪያ ፍንጭ ባሩክ ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ አደረገ፤ በ1976ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በጉበት በሽታ ላይ ምርምር ካካሄዱት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። በአገሪቱ የተደረጉትን ጥናቶች አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጽሑፍ ቫይረሱ ከተመረመሩት 7.4 በመቶ በሚሆኑት ላይ መገኘቱን አመልክቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህን ቫይረስ ይዘው እንደሚኖሩ ገምቷል።

ይህ ቫይረስ ያለው ሀብት 3,200 ያህል ፊደላት ያሉት አጭር፣ ክብ ዲ.ኤን.ኤ. ነው። የሰው ሕዋስ ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወርሰው ዲ.ኤን.ኤ. 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። እንዲህ ያለው ትንሽ ፍጡር ያን ታላቅ ፋብሪካ እንዴት ለራሱ ሥራ ያውለዋል?

ቫይረሱ በደም ተጉዞ ጉበት ሲደርስ፣ ሕዋሱ የሐሞት ጨዎችን በሚያስገባበት በር ተጠግቶ ይገባል። ይህ በር ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ይዞት የሚመጣው ዲ.ኤን.ኤ. ከሁለቱ ክሮቹ አንዱ ያላለቀ ጅምር ነው። ወደ ሕዋሱ አስኳል ሲገባ ግን የሕዋሱ የጥገና ኢንዛይሞች የራሳቸው ንብረት የተበላሸ ይመስል የጎደለውን ይሞላሉ፣ ክፍቱን ይዘጋሉ። ባለቤቱ እንግዳውን በገዛ እጁ ጠግኖ ያቋቁመዋል ማለት ነው። ክቡ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ልክ እንደ ሕዋሱ ክሮሞዞም በሂስቶን ፕሮቲኖች ተጠቅልሎ በአስኳሉ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን ከምሕንድስና ሥራ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ድልድይ ሲሠራ ዋናው ንድፍ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ወደ ሥራው ቦታ የሚሄደው ግልባጩ ነው። ግልባጩ ቢቀደድ ወይም ዝናም ቢያበላሸው ከዋናው ንድፍ ሌላ ይነሣል። በጉበት ሕዋስም የተዘጋው ክብ ዲ.ኤን.ኤ. ዋናው ንድፍ ነው። የሕዋሱ ኢንዛይም ከእርሱ አር.ኤን.ኤ. ይገለብጣል፤ አር.ኤን.ኤ.ውም ከአስኳሉ ወጥቶ በቫይረሱ ቅርፊት ውስጥ ይታሸጋል። በዚያም የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም፣ ፖሊሜሬዝ የሚባለው፣ አር.ኤን.ኤ.ውን መልሶ ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ይለውጠዋል። ከዚህ በኋላ ገሚሱ ልባሱን ለብሶ ወደ ደም ይወጣል፤ ገሚሱ ደግሞ ወደ አስኳሉ ተመልሶ የዋናውን ንድፍ ቁጥር ይጨምራል።

የሕክምናውም ኃይልና ወሰን ከዚሁ ይታያል። ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ፖሊሜሬዙን ያግዳል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ጉበትም ያገግማል። በሣጥኑ የተቆለፈውን ዋና ንድፍ ግን መድኃኒቱ አይነካውም። «ደሜ ነጽቷል» ብሎ ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ቫይረሱ ሊያገረሽበትና ጉበቱን በብርቱ ሊጎዳው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒት የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነም በምርመራ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የሕክምና መርሃ ግብር ይህ ሕክምና በኢትዮጵያ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል።

በሕዋስ ውስጥ መሰንበት የዚህ ቫይረስ ብቻ ጠባይ አይደለም። «አልማዝ ባለጭራ» የሚባለውን የሚያቃጥል ሽፍታ የሚያመጣው ቫይረስ በልጅነት ጉድፍ አስይዞ ካለፈ በኋላ በነርቭ ሥር ተኝቶ ከቆየ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰውነት ሲደክም የሚነሣ ነው። ኤች.አይ.ቪ. ደግሞ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ከሕዋሱ ክሮሞዞም ጋር ይሰፋዋል። የሄፓታይተስ ቢ ቁርጥራጮችም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ በክሮሞዞም ውስጥ ይሰካሉ፤ ይህም ለጉበት ነቀርሳ መንገድ ከሚከፍቱት ነገሮች አንዱ ነው።

እንግዲህ ዋናውን ንድፍ ከገባ በኋላ ማጥፋት እስካልተቻለ ድረስ ሁነኛው ዘዴ ከመግባቱ በፊት መከላከል ነው። በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ከሚያዙት ሕፃናት ከ100 እስከ 90 በሚሆኑት ላይ ቫይረሱ ይሰነብታል፤ በጉልምስና ከሚያዙት ግን ከ100 ከ5 ባነሱት ላይ ነው። ገበሬውም ቫይረሱ የያዘው ገና በልጅነቱ፣ ምናልባትም በተወለደበት ቀን ሊሆን ይችላል። እንጥል የተቆረጠበት ወይም ዋግምት የተደረገበት ምላጭም ያመጣበት ይሆናል፤ ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላልና።

ክትባቱ በኢትዮጵያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለሕፃናት ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በወሊድ ቀን የሚገባውን ቫይረስ 6 ሳምንት የቆየ ክትባት አይቀድመውም። የዓለም የጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነ ይበላሻል።

ለገበሬው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ሚስቱና ልጆቹ ይመርመሩ፤ ያልተያዙት ይከተቡ፤ ምላጩን ለብቻው ያድርግ፤ አረቄ ይተው፤ ሐኪም ይከታተለው። ቫይረሱ በምግብ ስለማይተላለፍ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ማዕድ መብላቱን ግን አይተው።

ለዚህ ጉባኤ ደግሞ የሚቀረው የራሱ የሙያ ድርሻ ነው። ከቡሬ ገጠር አንዲት ወላድ በክረምት ጭቃ ጤና ጣቢያ የምትደርስበት መንገድ፣ የክትባቱም ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሳይቋረጥ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ የመሐንዲስ ሥራዎች ናቸው። በጉበት ሕዋስ ውስጥ የሚቆለፈውን ንድፍ የሚቀድሙት ያቺ 24 ሰዓት ሳታልፍ ከደረሱ ብቻ ነው።