ዜማን በቀለም የተረጎመ ሠዓሊ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመካከለኛው ሕንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት የሚኖረው የጎንድ ሕዝብ ታሪኩንና እምነቱን ያቆየው በጽሕፈት ሳይሆን በዜማ ነው። የዜማው ባለ አደራዎች ፓርዳን የተባሉት አዝማሪዎች ሲሆኑ፣ ባና የተሰኘውን ባለ አውታር መሣሪያ እየመቱ የታላቁን አምላክ የባራ ዴኦን ስምና የነገሥታቱን ገድል በደጋፊዎቻቸው ደጅ ያሰሙ ነበር። ዘመን ተለውጦ ሰጪውና አድማጩ ሲመናመን ግን፣ ብዙዎቹ ወደ እርሻና ወደ ቀን ሥራ ዞሩ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ፓታንጋር በተባለች መንደር የተወለደው ጃንጋር ሲንግ ሺያም ከዚሁ ወገን ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባም፤ እጁን ያፍታታው በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሠዓሊው ጃግዲሽ ስዋሚናታን በቦፓል ሊከፈት ለተዘጋጀው ባራት ባቫን ለተባለው የጥበብ ማእከል የገጠር ሥራዎችን ሲያሰባስብ የወጣቱ ችሎታ ታወቀ፤ ወደ ከተማም ተጠራ።

በዚያም ወረቀትና ቀለም በእጁ ገባ። ቀድሞ በዜማ ብቻ ይወደሱ ለነበሩ አማልክት መልክ ሰጣቸው። ነብሩን፣ ወፉን፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ የሚንሰራፋውን አጋዘን ሲሥል፣ የርቀትና የጥላ ስልት ሳይሻ፣ ገላቸውን በነጠብጣብ ረድፍና በቀጫጭን መስመር ይሞላዋል፤ ረድፉም ከዙሪያው ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ እንስሳው የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራው በፓሪስ ታየ። ባራት ባቫንን የነደፈው አርክቴክት ቻርልስ ኮሪያ በሠራው የቦፓል ምክር ቤት ሕንጻም፣ የጭቃ ግድግዳው ሠዓሊ በታላቅ ግድግዳ ላይ እንዲሥል ቦታ ተሰጠው። ሕንጻ ለጥበብ ስፍራ የሚያገኘው ከንድፉ ጀምሮ ሲታሰብበት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ኒጋታ በሚገኝ ሙዚየም ተጋብዞ ሲሥል፣ ከቤተሰቡ ርቆ ሳለ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ሞቱ በሕንድ ሠዓልያን ዘንድ ብርቱ ሐዘንና ጥያቄ አስነሣ። ጥያቄው ለማንኛውም ተቋም የሚቀርብ ነው፤ ባለሙያን ከአገሩ የሚጠራ ሁሉ የእጁን ሥራ ብቻ ሳይሆን የሰውየውንም ደኅንነት ይረከባልና።

ጃንጋር በሕይወቱ ሳለ ዘመዶቹን ወደ ቦፓል እየጠራ ሙያውን አካፍሏቸው ነበር። ስለዚህም ስልቱ ዛሬ በስሙ ‹‹ጃንጋር ቃላም›› እየተባለ በብዙ እጆች ይኖራል።