ለአሮጌዋ ያማሃ የትኛው ካንዴላ?

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣችው ያማሃ አርዲ 350 ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ናት። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፤ ብልጭታውም በየዙሩ ስለሚፈለግ ካንዴላው ፋታ የለውም።

ፋብሪካው ያዘዘላት ኤንጂኬ ቢ8ኤችኤስ ነው። 8 የሙቀት ደረጃው ነው። በኤንጂኬ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ «ቀዝቃዛ» የሚባለው ይህ ነው። በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥር ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ! «ኤች» የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግረናል። «ኢ» ያለበትን፣ ባለ 19 ሚሊ ሜትሩን ብታስገቡ ጫፉ ዘልቆ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል።

ነድታችሁ ስትመለሱ ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት በዝቷል፣ ወይም ካንዴላው ከልክ በላይ ቀዝቃዛ ነው። ከነጣ ግን በዚያው አትንዱ፤ ፒስተን ሊበሳ ይችላል።

ካንዴላው ላይ የሚሰካውን ቆብ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ግን ብልጭታ ሲዳከም መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ቆቡ 5 ኪሎ ኦም ካለው፣ ሬዚስተር ያለበት ካንዴላ አትጨምሩበት፤ በፑንቲና የሚሠራ ሞተር ብልጭታው ይዳከምበታል። ቆቡን በቴስተር ለኩት፤ ከ5 ሺህ ኦም በብዙ ከራቀ ቀይሩት። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ቆቡ የሚሰካበትን ገመድ ጫፍ ጥቂት ቆርጣችሁ ንጹሕ መዳብ አውጡ፤ ከዚያ ቆቡን እያዞራችሁ አጥብቁት።