ዚፑ እምቢ ሲል



በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርጉ ይጣደፋል። በየሰፈሩ ሙሽሮች ይለብሳሉ።

እስቲ አንዱን ቤት አስቡት። ሙሽሪት ቬሎዋን ለብሳለች። ሚዜዎቿ ከበዋታል። ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል፤ ሙሽራው ደርሷል። ያኔ የቬሎው ዚፕ ይበጠሳል።

ክፍሉ ጭጭ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ይናገራል። የዚያ ሰው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ነገር ይወስናል።

«ነግሬሽ ነበር!» ሊል ይችላል። «ከየት ነው የተከራየሽው?» ሊል ይችላል። እውነቱን ይሆናል። ግን ዚፑን አይጠግነውም። ሙሽሪትን ያስለቅሳታል፣ ኩሏንም ያበላሸዋል።

ሌላዋ ደግሞ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ዙሪልኝ። መርፌና ነጭ ክር አምጡ» ትላለች። ብዙ ጊዜ አክስት ናት፣ ወይም ጎረቤት። እዚያው እንደቆመች የቬሎዋን ጀርባ በክር ታያይዝላታለች። ክር ከጠፋ በመርፌ ቁልፍ። ስፌቱ አያምርም፤ አያምር! ዓይነ ርግቡ ይሸፍነዋል። እኔ እንዲህ ያሉ ሴቶችን ከልቤ አከብራቸዋለሁ። እጃቸው ብቻ አይደለም የሚሰፋው፤ ድምፃቸውም ክፍሉን ያረጋጋል።

ዛሬ ሚዜ የሆናችሁ፣ መርፌና ነጭ ክር ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ። አንድ ነገር ከተበላሸም ወቀሳውን ከመልሱ በኋላ አድርሱት። አሁን ሙሽሪትን «አይዞሽ» በሏት።