ቆጣሪው ሲመለስ ነው ቁጥሩ የሚታመነው
(ከጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ በፊት ለጣና አካባቢ አስተባባሪዎች የተደረገ የግንዛቤ ማስጨበጫ ንግግር)



የተጠራነው ስለ ወፎች ለመነጋገር ነው። እኔ ግን የተሰጠኝን ሰዓት የማውለው ስለ ሰዎች ለመናገር ነው። ግራጫው ክሬን ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ተነሥቶ ጣና ድረስ መምጣቱን ያለ እኛ እርዳታ ያውቅበታል። እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ሌሊት 10 ሰዓት ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ በጤዛ እየተነከረ ሜዳ አቋርጦ፣ ያንን ወፍ የሚቆጥርልን ሰው ነው። ያ ሰው ባለፈው ጥር መጥቶ ነበር። ዘንድሮስ ይመጣል ወይ?

ለአዲሶች አንድ ሁለት ነገር ላስረዳ፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ በ1967 ተጀመረ፤ የአፍሪካው በ1991 ተከተለ። የሚያስተባብረው ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል ነው። ጥር የተመረጠው በዚያን ጊዜ ስደተኞቹ ወፎች ጉዟቸውን ጨርሰው በክረምት ማሳለፊያቸው ስለሚረጉ ነው። ክረምት ስል የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፤ ለእኛማ በጋ ነው። የቁጥሩ ጥቅም ደግሞ ለመጽሔት ብቻ አይደለም። በ1971 ኢራን ውስጥ በራምሳር ከተማ በተፈረመው ስምምነት መሠረት፣ አንድ እርጥበታማ መሬት 20,000 የውሃ ወፎችን በመደበኛነት የሚያስተናግድ ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ዝርያ ጠቅላላ ብዛት 1 ከመቶው የሚገኝበት ከሆነ፣ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ እንዳለው ማሳያ ይሆናል። ይህን ቁጥር ከሰማይ የሚያወርድልን ሳተላይት የለም። የሚያመጣው ወረቀትና መነፅር ይዞ ዳር ላይ የቆመ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በሰሜን አሜሪካ ከ1966 ጀምሮ የሚካሄድ የመራቢያ ወቅት የወፎች ቅኝት አለ። በጎ ፈቃደኛው በተወሰነለት መንገድ እየነዳ 50 ቦታ ላይ ይቆማል፤ በየቦታው 3 ደቂቃ ያህል ያየውንና የሰማውን ወፍ ይመዘግባል። የዚህን መረጃ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ክምችት የመረመሩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ያው ሰው በዚያው መንገድ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚመዘግበው ከቀጣዮቹ ዓመታት ያነሰ ነው። ወፉ ስላልነበረ አይደለም፤ ዓይኑም ጆሮውም ገና ስላልለመደ ነው። ስለዚህ ሥሌቱን ሲሠሩ የጀማሪ ዓመትን ለይተው ያያሉ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጣና ዳር ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ አምስት ዓመት የቆጠረው ሰው ቅር ብሎት ቢቀርና በቦታው አዲስ ተማሪ ብንልክ፣ ቁጥሩ ይወርዳል። እኛም «ፎገራ ላይ ወፍ ቀነሰ» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። የቀነሰው ግን ልምድ ያለው ቆጣሪ ነው። ሚዛኑን በየዓመቱ እየቀየሩ እህል እንደመመዘን ነው፤ ጎተራው ይጉደል አይጉደል ማን ያውቃል? በጎ ፈቃደኛን መደገፍ ማለት ቲሸርት ማደልና ማጨብጨብ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ይህንን አስቡ። ቆጣሪው ረክቶ እንዲመለስ ማድረግ ራሱ የሳይንሱ ሥራ ነው። በእኔ እምነት ከቴሌስኮፕ ግዢም ይቀድማል።

እስቲ አሁን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ በሉ። ሰፌዱ ላይ ሽምብራ አለ። አምስት ሰከንድ ብቻ እዩና የገመታችሁትን ጻፉ፤ የጎረቤት ወረቀት አይታይም። ጻፋችሁ? መልሱ 400 ነው፤ ትናንት ማታ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ከ250 በታች የጻፋችሁ እጅ አውጡ። አትፈሩ፣ ብዙ ናችሁ። ሰው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲያይ አሳንሶ ይገምታል፤ መንጋው በበዛ ቁጥር ደግሞ ስሕተቱ ይሰፋል። አሁን ከዳር 10 ፍሬ ቁጠሩና የያዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙት። በዚያ ስፋት ከዳር እስከ ዳር እየዘለላችሁ ሂዱ። ሲለምድላችሁ 10ሩን ወደ 50፣ 50ውን ወደ 100 ታሳድጉታላችሁ። መሐሉ ጥቅጥቅ ብሎ ዳሩ የሳሳ ከሆነ ግን አንድ መለኪያ አይበቃም፤ ለመሐሉ ሌላ፣ ለዳሩ ሌላ ያዙ። ይህ ልምምድ የሚጠይቀው አንድ ሰፌድና አንድ ጣሳ ሽምብራ ነው። ስለዚህ ሥልጠና ያልሰጠነው በጀት ጠፍቶ ነው የሚል ምክንያት ከእንግዲህ አልቀበልም።

ሜዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ አዲስ ሰው ብቻውን አይመደብ። ነባሩ ዓይኑን ከመነፅሩ ሳያነሣ ይጥራ፣ አዲሱ ይጻፍ። ክሬኖች ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ጎሕ ሲቀድ በቡድን በቡድን እየተነሡ ወደ ታጨደው ማሳ ይበተናሉ። በዚያች ግማሽ ሰዓት አንገቱን ወደ ወረቀት የደፋ ሰው ሁለት ቡድን ያመልጠዋል። ጸሐፊው ሰዓቱንና የሄዱበትን አቅጣጫ አብሮ ይያዝ፤ አለበለዚያ ከዚህ ጣቢያ የተነሣውን መንጋ ያኛው ጣቢያ ደግሞ ይቆጥረዋል። በሁለተኛው ዓመት ጸሐፊው ጠሪ ይሁን። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ግልገሎቹን እንዲለይ አስተምሩት። የዓመቱ ጫጩት ራሱ ቡናማ ነው፤ የወላጆቹ ጥቁርና ነጭ ገና አልወጣለትም፤ በጋውን ሙሉ ከእናት አባቱ አይለይም። ከመቶው ስንቱ ግልገል እንደሆነ ካወቅን፣ ሩቅ አገር ያለው የመራቢያ ወቅት እንዴት እንደነበረ ፎገራ ላይ ቆመን እናውቃለን። አንድ ገበሬ ይህን ሲረዳ ፊቱ ላይ የሚታየውን እኔ በአበል አልገዛውም።

ስለ ቅጹ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። «ዳክዬ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ፣ 60» ብሎ የጻፈን ሰው አመስግኑት። ስም ለመሙላት ብሎ የገመተ ነው የሚጎዳን። ዜሮም ቁጥር ነው። ሄዶ፣ ቆሞ፣ አይቶ ምንም ያላገኘ ሰው ሥራውን ሠርቷል፤ «ባዶ እጅህን መጣህ» ተብሎ የተሣቀበት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ወፍ ፈጥሮ ይመጣል። ጭጋግ ሸፍኖት፣ ወይም የጸጥታው ሁኔታ መንገድ ከልክሎት ሳይደርስ የቀረ ግን ዜሮ አይጻፍ፤ «አልተቆጠረም» ይባል። ሁለቱን ያደባለቀ ሪፖርት ለአሥር ዓመት ያሳስታል። ብዙ ወፍ ለቆጠረ ጣቢያ ሽልማት የሚለውም ሐሳብ ካሁኑ ይቅር።

ቀላል የሚመስሉ ግን ሰው የሚያስቀሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ደብዳቤ ነው። ጎሕ ሳይቀድ የሰው ማሳ ዳር ቆሞ መነፅር የሚያነጣጥር ወጣት ማንን አያጠራጥርም? ቀበሌው፣ ሚሊሻውና የማሳው ባለቤት ቀድመው ይወቁ፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በኪሱ ይኑር። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም፣ ስለዚህ መኪናው ማን ቤት በር ላይ በስንት ሰዓት እንደሚቆም ከዋዜማው ይነገር። ምሳውን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብ ለቆጠራ ወጥቶ ጥብስ የቀረበለት ጿሚ ጦሙን ውሎ ይመለሳል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው ይታሰብበት። ሴት በጎ ፈቃደኞችን በጨለማ ብቻቸውን አትመድቡ፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልገኝም። ታንኳ ላይ የሚወጣ ተንሳፋፊ ጃኬት ይልበስ። ጉማሬ ካለበት የደንገል ጥግ ራቁ። ውሃው ውስጥ በባዶ እግር መግባት ቢልሃርዝያ ያመጣል፤ ቦት ጫማ ከሌለ ከደረቁ ዳር ይቆጠር።

አበልን ዝም ብዬ ባልፍ አዳራሹ ያማኛል። በጎ ፈቃድ ማለት ከኪስ ማውጣት ማለት አይደለም። በየስብሰባው ባለሙያው አበሉን ፈርሞ ሲወስድ፣ ውርጩ ላይ የቆመው ልጅ የትራንስፖርቱን ራሱ ሲችል አይቻለሁ። ይህ ነውር ነው። ትራንስፖርት፣ ምግብና የስልክ ካርድ ለሁሉም እኩል ይሸፈን፣ በዕለቱም ይከፈል። ከዚያ በላይ በወፍ ብዛት የሚታሰብ ክፍያ ግን አይኑር፤ ቁጥሩን ያበላሸዋል።

ታንኳ ቀዛፊውንና ዓሣ አጥማጁን እንደ ሾፌር ብቻ የምናይበት ነገርም ይታረም። ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች ስንት ወር ውሃ ይዘው ይቆዩ እንደነበር፣ ዛሬ መቼ እንደሚደርቁ፣ የእምቦጭ አረም የትኛውን ዳር ቀድሞ እንደያዘ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 ወዲህ ያለውን ለውጥ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ቅጹ ላይ ለእነሱ ቃል የሚሆን ቦታ ይኑር፤ ስማቸውም ከቆጣሪዎቹ ተርታ ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስቀረው ግን ዝምታ ነው። ቁጥሩን ወስደን ከዚያ በኋላ ድምፃችን ይጠፋል። በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ፣ በገና ሰሞን ወፍ ተኩሶ መጣልን ልማድ ባደረገ አገር «እንቁጠራቸው» ብሎ ሲነሣ 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ የተከተሉት። ዛሬ በየዓመቱ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ይወጣሉ። ካቆያቸው ነገር አንዱ ያገኙት ታትሞ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ከ1970 ወዲህ አሜሪካና ካናዳ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎች እንዳጡ ሲያሳይ፣ ከመረጃው ብዙው ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሰዎች የለቀሙት ነበር። የእኛስ ቆጣሪ ያለፈው ጥር ድካሙ ምን እንደሆነ ያውቃል? አንድ ገጽ በአማርኛ ይዘጋጅ፤ የእሱ ጣቢያ፣ የእሱ ቁጥር፣ ካለፈው ዓመት ጋር። በቴሌግራም ይላክ፣ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ እድር ላይ ይነበብ። የካቲት ሳያልቅ ይድረስ፤ ክሬኖቹ ወደ ሰሜን ሳይነሡ።

እንግዲህ ቀን እንቁረጥ። ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ላይ ቆጠራ አይታሰብም፤ ሰዉ ታቦት ላይ ነው፤ ጥር 21 ደግሞ አስተርእዮ ማርያም ናት። በመካከል ያለው ቅዳሜ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የገበያ ቀን የሆነበት ቀበሌ ካለ ግን አሁኑኑ ይናገር። የየጣቢያችሁን ያምና ቆጣሪዎች ስም ዝርዝር ይዛችኋል አይደል? ከሻይ በፊት አንድ በአንድ እንደውልላቸው።