ስለ አሮጌው ትልቅ ዲሽ
በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር



የዕድራችን ዳኛ ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር ሲያዙኝ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከዚያ ካለፍኩ ጥሩምባው እንደሚነፋብኝም ተነግሮኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ካቻምና በመጋቢት ወር በተነሣው ነፋስ ከሰርቪስ ቤቴ ጣሪያ ላይ ተነቅሎ የበረረ ዲሽ የጎረቤቴን ማዕድ ቤት ቆርቆሮ ሰንጥቆ ገብቷል። እኚህ እናት እንጀራ እየጋገሩ ሳለ የቀረውን ሊጥ ሊያመጡ ወደ ትልቁ ቤት የሄዱት ገና አሁን፣ እግራቸው ከደጃፉ እንደወጣ ነበር። ምጣዱ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ፤ እሳቸው ተረፉ። ያን ዕለት የዕድራችን ጥሩምባ ሳይነፋ የቀረው በእኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሦስት ቆርቆሮና አንድ ምጣድ ተክቼ፣ ጉልበት ስሜ ታረቅን። ከዚያም ሌላ የተማርኩትን ለሌላው እንድናገር ተፈረደብኝ፤ ዛሬ የቆምኩት ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። አሮጌ ዲሽ እየገዛ ጣሪያው ላይ የሚሰቅለው በመንደራችን እኔ ብቻ እንዳልሆንኩም አያለሁ።

ዲሹ የሟች አባላችን ንብረት ነበር። ወርዱ 2 ሜትር ከ40፣ አንድ ወጥ አሉሚኒየም ነው። ባለ 90 ሴንቲ ሜትሮቹ ትንንሽ ዲሾች ከመጡ ወዲህ የሚነካው ጠፍቶ፣ በጓሮ ተደፍቶ ዶሮ ሲያድርበት ኖሯል። ባለቤታቸው በኪሎ ሂሳብ ለቆራሌው ሊሰጡት ሲስማሙ ደረስኩና፣ ለእኔ ይሁን ብዬ የቆራሌውን ዋጋ ከፈልኩ። ስድስት ሰው ተሸክሞት በዚያ በጠባቡ መንገድ ስናመጣው፣ ያየን ሁሉ የዕድር ዕቃ መስሎት «ማን ሞተ?» ይለን ነበር። በበሬ አልገባ ስላለ በአጥር ላይ አሻገርነው።

ምን ይሠራልሃል የምትሉኝ አላችሁ። ባለቤቴም ይህንኑ ስትጠይቀኝ ነው የምትውለው። ጥቅሙን ካላችሁ፣ ስፋቱ ከትንሹ ዲሽ ሰባት እጥፍ ስለሚሆን የሚሰበስበውም ሞገድ ሰባት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ የሌላው ሰው ሥዕል ሲቆራረጥ የእኔ ይቆያል። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የያዘኝ ነገሩ ራሱ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቃ የቆመች ሳተላይት፣ ምድር በምትዞርበት ልክ ስለምትዞር ከአንድ ቦታ ፈቀቅ የማትል ትመስላለች። ይህ እንደሚቻል እንግሊዛዊው አርተር ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. ሲጽፍ ገና አንድም ሳተላይት አልነበረም። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት ኦሊምፒክ፣ ሲንኮም 3 የምትባለው ሳተላይት ከዚያው ውድድር ሥዕል ወደ አሜሪካ አሻግራለች። የእኛም አገር ቴሌቪዥን የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ታዲያ ከዚያ ርቀት የሚመጣን ነገር በገዛ እጅ ማጥመድ ደስ አይልም? ጡረታ የወጣ ሰው ይገባዋል።

እንግዲህ ስለ ጥፋቴ። ጣሪያዬ ላይ ያቆምኩት በእንጨት ማገር ላይ፣ በአራት ብሎን ነው። «ቀላል አሉሚኒየም ነው» ብዬ ክብደቱን ብቻ አሰብኩ። ነፋሱን አላሰብኩም። የዚህ ዲሽ ፊት አራት ካሬ ሜትር ተኩል ነው፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው ወደ መቶ ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ማገሬ ምስጥ የበላው ነበር። ባይበላውም አይችልም ነበር። አንድ ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ሰው በየደቂቃው እየተንደረደረ ጣሪያችሁን ሲገፋው አስቡት።

ስለዚህ ትልቅ ዲሽ ቦታው መሬት ነው። ከ1 ሜትር ከ20 በላይ የሆነውን ሁሉ ጣሪያ ላይ ባናወጣ እላለሁ፤ የኮንዶሚኒየም በረንዳማ ጭራሽ አይነሣ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስተክለው በሁሉም ጎን 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ባለ 4 ኢንች ወፍራም የብረት ቱቦ አቁሜ፣ ከታች ፌሮ አስበይጄ፣ በጠጠርና በሲሚንቶ ሞላሁት። ይህ ብቻውን ወደ 12 ኩንታል ይመዝናል። ቱቦውን ከመግዛቴ በፊት ከዕድራችን ድንኳን ምሰሶ አንዱን እንድዋስ ጠይቄ ነበር፤ የዕቃ ቤት ኃላፊያችን «ድንኳኑ ከነምሰሶው ለሐዘን ነው» ብለው መለሱኝ። ልክ ናቸው። ቱቦው ሲቆም በቱምቢ ከሁለት ወገን መታየት አለበት። ቱቦው ካዘነበለ በኋላ የሚመጣው ልኬት ሁሉ ይዋሻል።

አሮጌ ዲሽ ስትገዙ ከሁሉ አስቀድማችሁ ሁለት ሲባጎ ያዙ። ከጠርዝ ጠርዝ መስቀለኛ አድርጋችሁ ወጥሯቸው። መሐል ላይ ለጥቂት ከተነካኩ ዲሹ ቀና ነው፤ ክፍተት ካለ ወይም አንዱ ሌላውን ከተጫነ ተጣሟል ማለት ነው። የእኔው ከውድቀቱ በኋላ የሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት አሳየ። አሸዋ በተሞላ ጆንያ ላይ አስተኝቼ በእንጨት መዶሻ ሁለት ሳምንት አቃናሁት። ሲ ባንድ ለሚባለው፣ ርዝመቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ለሆነው ሞገድ፣ የአራት ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ብዙም ችግር አያመጣም። ኬዩ ባንድ የሚባለው ግን ሞገዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ካለፈ ይጎዳዋል። የአገራችን ጣቢያዎች በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮሳት፣ ማለት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ የሄዱት በዚሁ በኬዩ ባንድ ነው።

ሌላው ኤልኤንቢው የሚቀመጥበት ርቀት ነው። ከሦስቱ ዘንጎች አንዱ ጠፍቶ ሌሎቹ ተጣመው ስለነበር፣ እኔ በዓይኔ ለክቼ አንድ ሜትር ይበቃል አልኩ። አጠገቤ ቆማ ታይ የነበረች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን አመጣች። ወርዱን በራሱ አባዙት፤ 240 በ240፣ 57,600። ጥልቀቱን፣ 40 ሴንቲ ሜትር፣ በ16 አባዙት፤ 640። ያንን ለዚህ ስታካፍሉ 90 ይመጣል። ስለዚህ የኤልኤንቢው አፍ ከዲሹ እምብርት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን አለበት ማለት ነው። አስር ሴንቲ ሜትር ስቼ ነበር። በዚያ ብቀጥል ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሰማይ ሳይ እኖር ነበር። ይህች ልጅ የእኚያ ማዕድ ቤታቸው የፈረሰባቸው ጎረቤቴ የልጅ ልጅ መሆኗን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ደግሞ የትንሹን ዲሽ ኤልኤንቢ አትግጠሙለት። እሱ የተሠራው ጠበብ አድርጎ እንዲያይ ነው፤ የእኔ ዲሽ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲታይ 135 ዲግሪ ይከፍታል። ጠባቡን ስትሰጡት መሐሉን ብቻ አይቶ ዳሩን ይተወዋል፤ ትልቅ ዲሽ ተሸክማችሁ የትንሽ ዲሽ ሥራ ታሠሩታላችሁ። ለትልቁ ተብሎ የተሠራውን ጠይቃችሁ ግዙ።

አሁን የምነግራችሁን ማንም አልነገረኝም፤ ክረምቱ ነው ያስተማረኝ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ሳተላይቶቹ ከራሳችን በላይ ናቸው። ከአዲስ አበባ ሲታይ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለችው ከአድማስ 66 ዲግሪ ሽቅብ ናት። ስለዚህ ዲሹ እንደ ገበቴ ወደ ላይ ይከፈታል። በሐምሌ አንድ ጠዋት ብነሣ ውሃ አቁሮ፣ ልጆች የወረቀት ጀልባ እያንሳፈፉበት አገኘሁ። እምብርቱ ላይ ቀዳዳ በሳሁ፤ ውሃው ንቅንቅ አላለም። ለካ ያዘነበለ ሳህን ዝቅተኛ ቦታው መሐሉ አይደለም! በእኔው ከመሐሉ ወደ ታችኛው ጠርዝ 80 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነው። ስለዚህ መሰርሰሪያ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ማሰሮ ውሃ አፍስሱበትና የሚሰበሰብበትን ተመልከቱ። ቀዳዳው እንደ እርሳስ ቢሆን ይበቃል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት ለሚያዞር ሰው ይህ ችግር የለም፤ እዚያ ዲሹ 37 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ውሃው ራሱ ይወርዳል።

አቅጣጫውን ማግኘት ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 25 ዲግሪ ያህል ዞር ማለት ነው፤ ኮምፓሱን ግን ከብረቱ ራቅ ብላችሁ ያዙት፣ አጠገቡ ይዋሻል። ትንሹ ዲሽ ሁለት ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ስላለው ይምራችኋል። ትልቁ በኬዩ ባንድ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። እጃችሁን ዘርግታችሁ የትንሿን ጣት ግማሽ የምታህል ቦታ ሰማይ ላይ ፈልጉ ማለት ነው። በመጀመሪያ ሽቅብታውን በውሃ ልክና በዲግሪ መለኪያ አጥብቁ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ብቻ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ በዝግታ አዙሩ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነቃንቅ ሰው አያገኘውም። በሦስተኛው ምሽት ሥዕሉ ሲመጣ ጮኬ ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። የነገረችኝን እዚህ አልደግመውም።

አንድ ጥፋት ይቀረኛል። እንዲያምር ብዬ ዲሹን በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ቀባሁት። አምና በመስቀል ሰሞን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ ሥዕሉ ድንገት ጠፋ፤ ወጥቼ ባይ የኤልኤንቢው ፕላስቲክ ክዳን ይንጠባጠባል። የሆነው ይህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት 7 እና 8 ገደማና በመስቀል አካባቢ፣ ፀሐይ ልክ በሳተላይቷ ጀርባ ታልፋለች። ያኔ ሥዕል ለጥቂት ደቂቃ መጥፋቱ በማንም ዲሽ ላይ የሚደርስ ነው። የእኔው ግን መስተዋት ሆኖ ነበር። በዲሹ ፊት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ከ4 ኪሎ ዋት ይበልጣል፣ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የማያንስ ማለት ነው፤ ያንን ሁሉ አንዲት ክዳን ላይ ሰበሰብኩት። ምጣድ ሰብሬ ምጣድ ሠራሁ ብለው ጎረቤቴ ስቀውብኛል። በማያብለጨልጭ ግራጫ ቀለም መልሼ ቀባሁት።

መስቀል ሰሞን ሌላም ጥቅም አለው። ዲሹ በትክክል የዞረ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት የኤልኤንቢው ጥላ በዲሹ እምብርት ላይ ያርፋል። ካላረፈ የቱ ጋ እንደሳታችሁ ጥላው ራሱ ያሳያችኋል። ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

ፋይንደሩን፣ ውሃ ልኩንና ቱምቢውን ለዕድራችን ዕቃ ቤት አስረክቤያለሁ፤ የፈለገ አባል ፈርሞ ይውሰድ። ጣሪያ ላይ ለሚሰቅል ግን እንዳይሰጥ ለኃላፊው ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ምሰሶ በመከልከል የታወቁ ናቸው። ጥላውን ማየት የምትፈልጉ ደግሞ በመስቀል ዕለት ከ4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግቢዬ ክፍት ነው። ልጆቹ ፀሐይዋን ቀና ብለው እንዳያዩ አደራ፤ የሚታየው ጥላው ነው። ቡናውን እኚያው ጎረቤቴ በአዲሱ ማዕድ ቤታቸው አፈላለሁ ብለዋል።