ቴክኒካዊ የስኩባ ሥልጠና ለዕረፍት ጊዜ ጠላቂ ይስማማዋልን?

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በዓመት አንድ ጊዜ የዕረፍት ፈቃዱን ወስዶ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ፣ ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ጠልቆ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው፣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም በመዝናኛ ደረጃ በተማረው ረክቶ መኖር፣ ወይም «ቴክኒካዊ» ወደሚባለው ሥልጠና መሻገር ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የግል ምርጫ ይመስላል። ነገር ግን ከባሕር በታች የሚሳሳት ሰው አብሮት የገባውን ጓደኛውን፣ ሊያድነው የሚወርደውን አስተማሪና በቤት የሚጠብቁትን ሁሉ የስሕተቱ ተካፋይ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ነገሩ በረጋ መንፈስ ሊመረመር ይገባል።

በቅድሚያ የቃሉ ትርጉም ይታወቅ ዘንድ ያስፈልጋል። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ጠላቂው በሳበ ቁጥር በዙሪያው ባለው ግፊት ልክ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፣ የባሕር ውስጥ ዓለም ለተራው ሰው ተከፈተ። ከጊዜ በኋላም የመዝናኛ ጠላቂ ለጀማሪነቱ 18 ሜትር፣ ተጨማሪ ትምህርት ሲወስድ እስከ 40 ሜትር የሚደርስ ወሰን ተበጀለት። ይህን ወሰን አልፎ መውረድ፣ ወይም ሲመለሱ በግዴታ በየደረጃው እየቆሙ መውጣት ቴክኒካዊ መጥለቅ ይባላል። ስያሜው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካዊው የመጽሔት አዘጋጅ በማይክል ሜንዱኖ አማካይነት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ከጥልቀቱ ቁጥር ይልቅ በመውጫው መንገድ ላይ ይታያል። በመዝናኛው ወሰን ውስጥ ያለ ጠላቂ አንድ ችግር ቢገጥመው፣ ቀስ ብሎ በቀጥታ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። በጥልቅ ቦታ ብዙ የቆየ ሰው ግን በግፊት የሳበው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ሟምቶ ይከማቻል። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ እንዲህ ያለው ሰው በደረጃ እየቆመ መውጣት አለበት። ሳይቆም ቢወጣ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣና መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ አልፎም የአካል ሽባነትንና ሞትን ሊያስከትል ይችላል። እንግዲህ ቴክኒካዊ ጠላቂ ከራሱ በላይ የማይታይ ጣሪያ አለበት ማለት ነው። መተንፈሻው ቢበላሽ፣ መነጽሩ ቢወልቅ፣ ጓደኛው ቢደነግጥ፣ መፍትሔውን እዚያው ባለበት ማግኘት ግዴታው ነው።

የአየሩም ሒሳብ የዚያኑ ያህል ጥብቅ ነው። ግፊት በየ10 ሜትሩ በ1 ባር ያህል ይጨምራል። በውኃው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር አየር የሚተነፍስ ሰው፣ በ40 ሜትር ላይ ግፊቱ 5 ባር ስለሚሆን በደቂቃ 100 ሊትር ይጨርሳል። 12 ሊትር የሚይዝና እስከ 200 ባር የተሞላ ሲሊንደር 2,400 ሊትር አየር አለው። ይህም ላይ 120 ደቂቃ የሚያቆየው ሲሆን፣ በ40 ሜትር ግን ከ24 ደቂቃ በላይ አይዘልቅም፤ ለመውጫና ለአደጋ የሚቀመጠው ገና አልተቀነሰም። በዚህ ላይ ከ30 ሜትር ግድም ጀምሮ ናይትሮጅን አእምሮን እንደ መጠጥ ያሰክራል። ሰካራም ስካሩን እንደማያምን ሁሉ፣ ጠላቂውም ማስተዋሉ እንደ ቀነሰ አይታወቀውም።

የዚህን ሁሉ ማስረጃ በግብፅ በሲና ልሳነ ምድር፣ በዳሃብ አጠገብ ያለው «ሰማያዊ ጉድጓድ» ያሳያል። ከዳርቻው ጥቂት ርምጃ ብቻ ርቆ የሚገኝ፣ ውኃው የጠራ፣ ዓይን የሚስብ ቦታ ነው። ከ50 ሜትር በታች ግን ወደ ክፍት ባሕር የሚያወጣ ቅስት አለው። ብርሃኑ ከወዲያ ማዶ ሲታይ መንገዱ አጭር ይመስላል፤ ርዝመቱ ግን 25 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ጥልቀት ላይ ቀደም ሲል የተጠቀሰው ሲሊንደር 18 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ተሸክመው ሊያልፉት የሞከሩ ብዙዎች በዚያ ቀርተዋል፤ በዳርቻው ገደል ላይ የተለጠፉት የመታሰቢያ ሰሌዳዎች ይህን ይመሰክራሉ። የሠለጠነ ጠላቂ በተገቢው የጋዝ ቅልቅልና በትርፍ ሲሊንደሮች ያልፈዋል። እንግዲህ ሥልጠናው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥያቄው ለማን ይጠቅማል የሚለው ነው።

ለዓመታዊ ተጓዥ ትልቁ እንቅፋት መርሳት ነው። አንዳንድ የሥልጠና ድርጅቶች ለመጀመሪያው ቴክኒካዊ ትምህርት 25 ወይም 30 ያህል የተመዘገበ መጥለቅ ካለው ሰው ይቀበላሉ። ይህን ቁጥር የዕረፍት ጊዜ ጠላቂ በሦስት ዓመት ያሟላዋል። ነገር ግን በመዝገብ ላይ ያለ ቁጥርና በእጅ ላይ ያለ ልምድ አንድ አይደሉም። በአቪዬሽን ሕግ አብራሪ መንገደኛ ለማሳፈር ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ማረፍ ይጠበቅበታል። ፈቃዱን ማንም አልነጠቀውም፤ ሆኖም ያልተለማመደ እጅ እንደሚደነዝዝ ሕጉ ያውቃል። በጨለማ ውስጥ የሲሊንደርን መዝጊያ ከጀርባ በኩል አግኝቶ የመዝጋት ችሎታም ሃምሳ አንድ ሳምንት በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይጠፋል።

በአንጻሩ ከሥልጠናው ውስጥ ለማንኛውም ጠላቂ የሚበጅ ክፍል አለ። በውኃ ውስጥ ሳይወርዱና ሳይወጡ ረግቶ መንሳፈፍ፣ ከመግባት በፊት አየርን በሒሳብ ማቀድ፣ ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ ሲሶውን ለአደጋ ማስቀመጥ የሚለውን የዋሻ ጠላቂዎች ደንብ ማወቅ ታላቅ ጥቅም ነው። እንዲሁም 32 በመቶ ኦክሲጅን ያለው ናይትሮክስ እስከ 33 ሜትር ድረስ የሚወሰደውን ናይትሮጅን ይቀንሳል፤ ትምህርቱም አጭር ነው። እነዚህን ለመማር ከ40 ሜትር በታች መውረድ አያስፈልግም።

የሚቀርበትም ነገር ከሚገምተው ያነሰ ነው። የዛጎል ድንጋይና የዓሣው ኅብረ ቀለም በብርሃን የሚኖር ስለሆነ አብዛኛው ውበት በላይኛው 30 ሜትር ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1941 ዓ.ም. በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ በቀይ ባሕር የሰጠመችውና ከዓለም ስመ ጥር ስብርባሪ መርከቦች አንዷ የሆነችው «ቲስልጎርም» እንኳ በ30 ሜትር ግድም ላይ ተኝታለች።

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በሰጡት ምክር፣ ተደጋጋሚ የመዝናኛ መጥለቅ ያደረገ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት፣ በየደረጃው እየቆመ የወጣ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ መቆየት ይገባዋል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው አየር ልክ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባም ወደ 2,350 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ ተጓዡ ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ አይመለስም። ስለዚህ ከአንድ ሳምንት ፈቃድ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቀነሳል።

እንግዲህ ውሳኔው በሦስት ጥያቄዎች ሊመዘን ይችላል። አንደኛ፣ በጥልቁ ውስጥ በስም የሚጠራ፣ ሊያየው የሚፈልገው ነገር አለን? ሁለተኛ፣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚለማመድበት ውኃና እንደ እርሱ የሠለጠነ ቋሚ ጓደኛ አለውን? ሦስተኛ፣ ጠዋት ተዘጋጅቶ ሳለ አንድ ነገር ደስ ባይለው፣ የከፈለውን ገንዘብ ረስቶ «ዛሬ አልገባም» ለማለት ይችላልን? ሦስቱንም በእውነት «አዎን» የሚል ሰው በብቁ አስተማሪ እጅ ቀስ ብሎ ይቀጥል። አንዱ የጎደለበት ግን መሠረታዊውን ክህሎት ይማር፣ ናይትሮክሱን ይጨምር፣ በ30 ሜትር ውስጥም ጥሩ ጠላቂ ይሁን።

ባሕሩ ለሚመጣው ዓመትም በቦታው ይኖራል። የጠላቂው ሙያ የሚመዘነው በወረደበት ጥልቀት ሳይሆን፣ ከጓደኛው ጋር በደኅና ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ለመመለስ በመቻሉ ነው።