ብዙ ማዳበሪያ ብዙ ስኳር ነውን?
(በሞያሌ ለከተማው ሕዝብ የተደረገ ንግግር)



በሞያሌ፣ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ ለሻይ የሚቀርበው ስኳር ከሩቅ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ሥራ የጀመረው በሸንኮራ አገዳ ነው። ቀዝቃዛው የአውሮፓ አገር ግን ስኳሩን የሚያገኘው ከቀይ ሥር ወገን ከሆነ አንድ ነጭ ሥር ነው፤ ይህንንም ማርግራፍ የተባለ የበርሊን ሊቅ በ1747 እ.ኤ.አ. ገልጦታል።

የሁለቱ ተክሎች ጠባይ ግን ተመሳሳይ ነው። ናይትሮጅን ቢያንሳቸው ይቀጭጫሉ። ቢበዛባቸው፣ ይልቁንም መከር ሲቃረብ ቢጨመርባቸው፣ ቅጠላቸው እየለመለመ ስኳራቸው ይቀንሳል። ማሳው ለዓይን ያምራል፤ ፋብሪካ ግን ለቅጠል አይከፍልም። በነጩ ሥርማ የተረፈው ናይትሮጅን ከጭማቂው ገብቶ ስኳሩ ጠጥሮ እንዳይወጣ ያውካል። ገበሬው በገንዘቡ ኪሣራ ገዛ ማለት ነው። ስለዚህ ዘር መራጮች የሥሩን ክብደት ብቻ አይመዝኑም፤ ለአንድ ኪሎ ናይትሮጅን ስንት ኪሎ ስኳር እንደ ተመለሰም ያሰላሉ።

ይህ ሂሳብ ለበቆሎም ይሠራል። ከብት ባለበት አገር ናይትሮጅን በበረት ሞልቷል፤ አፍንጫ የሚሰነፍገው የበረት ሽታ እርሱው ወደ አየር ሲሸሽ ነው። ትኩሱ ፍግ በማሳ በተበተነበት ቀን ከአፈር ጋር ቢገለበጥ የሚሸሸው እጅግ ያንሳል።